የታዳጊ ቡድኖች ደረጃ፦ የሚጠቅመውና የማይጠቅመው

በታዳጊዎች እግር ኳስ ቡድኖችን በደረጃ መደርደር ዋና ጥቅሙ አቻ ለአቻ ማገናኘት ነው። አሥር ለባዶ የሚያልቅ ጨዋታ ለሁለቱም ወገን ከንቱ ነው። አሸናፊዎቹን ኳስ የሚነጥቃቸው ስለሌለ ቀና ብለው ለማን እንደሚያቀብሉ ማሰብ አያስፈልጋቸውም። ተሸናፊዎቹም ኳሷን በአብዛኛው የሚያገኟት ከመረባቸው አውጥተው ወደ መሐል ሜዳ ሲመልሷት ነው። ሁለት ለአንድ ወይም ሦስት ለሁለት በሚያልቅ ጨዋታ ግን ሁሉም ልጅ ሲታገል፣ ሲሳሳትና ስህተቱን ሲያርም ይውላል። ስለዚህ ማን ከማን ጋር ይጫወት ለሚለው ጥያቄ መልስ የሚሰጥ መለኪያ ማስፈለጉ አያከራክርም። የሚያከራክረው መለኪያው ምን ያህል ይታመናል፣ ለማን ይታያል፣ ከስንት ዓመት ዕድሜስ ይጀምራል የሚለው ነው።

ጉዳዩ ከየትም በላይ ጎልቶ የሚታየው በአሜሪካ ነው፤ ምክንያቱም በዚያ አገር የታዳጊዎች እግር ኳስ በአንድ ጣሪያ ሥር አይደለም። ኤ.ዋይ.ኤስ.ኦ የተባለው ድርጅት በ1964 በካሊፎርኒያ ተቋቋመ፤ ዩኤስ ዩዝ ሶከር በ1974፣ ዩኤስ ክለብ ሶከር ደግሞ በ2001 ተከተሉ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ጠንካራ የሴት ታዳጊ ቡድኖችን የሚያሰባስበው ኢ.ሲ.ኤን.ኤል በ2009 ተጀመረ፤ በኋላም ወንዶችን ጨመረ። የአገሪቱ ፌዴሬሽን ራሱ በ2007 የመሠረተው የአካዳሚ ሊግ በ2020 ሲዘጋ ቦታውን ኤም.ኤል.ኤስ ኔክስት የተባለው ሊግ ያዘ። ካሊፎርኒያ፣ ቴክሳስ፣ ኒውዮርክና ፔንሲልቬኒያን የመሳሰሉ ግዛቶች ደግሞ አንድ የእግር ኳስ ማኅበር ስለማይበቃቸው በሁለት ማኅበራት ሥር ተከፍለዋል። በዚህ የተነሳ በአንድ ከተማ ውስጥ ያሉ ሁለት ጎረቤት ክለቦች በተለያየ ሊግ ተመዝግበው ዓመቱን ሙሉ ሳይገናኙ ሊቀሩ ይችላሉ። በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የሚኖሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ቅዳሜና እሑድን ልጆቻቸውን ይዘው ከሜዳ ሜዳ ሲዞሩ የሚውሉት በዚሁ በተበታተነ ሥርዓት ውስጥ ነው።

እነዚህን የተለያዩ ሊጎች የሚያገናኛቸው በዓመት ውስጥ የሚዘጋጁት ትልልቅ ውድድሮች ናቸው። ከ1980 ጀምሮ በቴክሳስ የሚካሄደው የዳላስ ዋንጫና በሳንዲያጎ የሚካሄደው ሰርፍ ካፕ ከታወቁት ውስጥ ናቸው። የእንዲህ ያለ ውድድር አዘጋጅ ከተለያዩ ግዛቶች፣ ሲጫወቱ አይቷቸው የማያውቃቸው የብዙ ቡድኖች ማመልከቻ ይደርሰዋል። የትኛውን እንደሚቀበል፣ የተቀበለውንም ወርቅ፣ ብርና ነሐስ በሚባሉት ምድቦች እንዴት እንደሚያከፋፍል መወሰን አለበት። አሰልጣኞች ስለ ቡድናቸው የሚጽፉትን ብቻ አምኖ ቢመድብ ምድቡ ይዛባል፤ ሁሉም ቡድን በማመልከቻው ላይ ጠንካራ ነውና። የደረጃ ሠንጠረዥ በአሜሪካ የተስፋፋው በመጀመሪያ ይህን ችግር ለማቃለል ነው፤ ለዚህ ሥራም እስካሁን የተሻለ መሣሪያ አልተገኘም።

ደረጃው እንዴት ይሠራል?

በጣም የሚታወቀው ዘዴ የሊግ ሠንጠረዥ ነው። ለአሸናፊ 3፣ ለአቻ 1 ነጥብ ይሰጣል፤ ሁሉም ከሁሉም ጋር ተጫውቶ ሲያበቃ ሠንጠረዡ ፍትሐዊ ነው። ግን ከሊጉ ውጭ ስላለ ቡድን የሚናገረው ነገር የለም።

ሁለተኛው ዘዴ ነጥብ ማጠራቀም ነው። እያንዳንዱ ውድድር እንደ ክብደቱ ነጥብ ይመደብለታል፤ ዋንጫ የወሰደ ብዙ፣ ለፍጻሜ የደረሰ ከዚያ ያነሰ ያገኛል፤ የዓመቱ ድምር ደረጃውን ይወስናል። ይህ ዘዴ ለመረዳት ቀላል ቢሆንም ትልቅ ጉድለት አለበት። ብዙ ውድድር የገባ ቡድን ብዙ ነጥብ ይሰበስባል፤ ብዙ ውድድር ለመግባት ደግሞ የመመዝገቢያ፣ የአውሮፕላንና የሆቴል ወጪ መቻል ያስፈልጋል። ከሠፈሩ ሜዳ ርቆ መሄድ የማይችል ጎበዝ ቡድን ከሠንጠረዡ ታች ይቀራል። እዚህ ላይ ደረጃው ከልጆቹ ችሎታ ይልቅ የወላጆቻቸውን አቅም ወደ መለካት ያዘነብላል።

ሦስተኛው ዘዴ ከቼዝ የመጣ ነው። አርፓድ ኤሎ (1903–1992) ሃንጋሪ ውስጥ ተወልደው አሜሪካ ውስጥ ያስተማሩ የፊዚክስ ሊቅ ነበሩ። ለቼዝ ተጫዋቾች ያወጡትን ስሌት የአሜሪካ የቼዝ ፌዴሬሽን በ1960፣ ዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን በ1970 ተቀበሉት። ፊፋም የሴቶች ብሔራዊ ቡድኖችን ደረጃ ከ2003፣ የወንዶቹን ደግሞ ከ2018 ጀምሮ የሚያወጣው በዚሁ ላይ በተመሠረተ ቀመር ነው።

የስሌቱ ሐሳብ እንዲህ ነው። እያንዳንዱ ቡድን አቅሙን የሚያሳይ ቁጥር ይኖረዋል፤ በሁለት ቡድኖች ቁጥር መካከል ያለው ልዩነት ከጨዋታው ምን እንደሚጠበቅ ይነግራል። አንዱ 1500፣ ሌላው 1300 ቢኖረው፣ በቼዙ ቀመር ትልቁ ከ1 ነጥብ 0.76 ያህሉን ያገኛል ተብሎ ይጠበቃል። የአንድ ጨዋታ ክብደት 40 ከሆነ፣ እንደተጠበቀው ሲያሸንፍ ቁጥሩ በ10 ያህል ብቻ ያድጋል። አቻ ሲወጣ 10 ያህል፣ ሲሸነፍ ደግሞ 30 ያህል ይቀነስበታል፤ የተቀነሰውም ለተጋጣሚው ይጨመራል። ስለዚህ ደካማ ቡድኖችን እየመረጡ መርታት ብዙ አያስገኝም፤ ከጠንካራ ቡድን ጋር አቻ መውጣት ግን ዋጋ አለው። ለታዳጊ ቡድኖች የሚሠሩ አንዳንድ ስሌቶች ከዚህ አልፈው የግብ ልዩነትንም ይቆጥራሉ፤ የሁለቱን ቡድኖች ቁጥር ልዩነትም በቀጥታ በሚጠበቅ የግብ ብዛት ይተረጉሙታል። የትኛው ቡድን የትኛው ምድብ ይስማማዋል ለሚለው ጥያቄ ከሦስቱ ይህ ዘዴ ይሻላል።

ቁጥሩ ምን ያህል ይታመናል?

በእግር ኳስ ግብ ብርቅ ነው። በቅርጫት ኳስ በአንድ ጨዋታ ብዙ ነጥብ ስለሚቆጠር የዕድል ድርሻ ይቀንሳል፤ በእግር ኳስ ግን የተሳሳተ የፍጹም ቅጣት ምት ውሳኔ ወይም በንፋስ አቅጣጫዋን የቀየረች ኳስ ጨዋታውን ትወስናለች። የዕድል ድርሻ እንዲቀንስ ብዙ ጨዋታ ያስፈልጋል። የታዳጊ ቡድን ግን በአንድ የውድድር ወቅት ብዙውን ጊዜ 8 ወይም 10 የሊግ ጨዋታ ቢያደርግ ነው። የውድድር ጨዋታዎች ይጨመሩ ቢባል እነሱ ከመደበኛው ሰዓት ያጠሩ ናቸው፤ በሁለት ቀን ውስጥ ሦስት ጨዋታ ስለሚደረግም ውጤቱ የድካም ጭምር ነው። በዚህ ላይ ከሌላ ቡድን ተጫዋች ተውሶ መግባት በብዙ ውድድሮች የተፈቀደ ነው።

ሌላው ችግር ቡድኑ ራሱ የማይጸና መሆኑ ነው። በየዓመቱ ክለቦች የሙከራ ምርጫ ያደርጋሉ፤ ሦስት ልጆች ይወጣሉ፣ አራት ይገባሉ፣ አሰልጣኙ ይቀየራል። ደረጃው ግን ከቡድኑ ስም ጋር ይቀራል። በመስከረም የሚታየው ቁጥር በአብዛኛው ስላለፈው ዓመት ልጆች የሚናገር ነው። ርቀትም አለ። በሃዋይ ያለ ቡድን ጨዋታውን የሚያደርገው በአብዛኛው ከሃዋይ ቡድኖች ጋር ነው፤ እነዚህ ቡድኖች ከዋናው ምድር ቡድኖች ጋር የሚገናኙባቸው ጥቂት ጨዋታዎች የጠቅላላውን አካባቢ ደረጃ ይወስናሉ። ከእነዚያ ጥቂት ጨዋታዎች አንዱ ሲዛባ ተጓዥ ያልነበሩት ቡድኖች ሁሉ አብረው ይዛባሉ።

የግብ ልዩነት ከተቆጠረ ደግሞ የሥነ ምግባር ጥያቄ ይነሳል። አምስት ለባዶ እየመራ ያለ አሰልጣኝ ተቀያሪዎቹን ለማስገባት ወይም አጥቂውን ተከላካይ አድርጎ ለማስለመድ ምቹ ጊዜ አለው፤ እያንዳንዱ ተጨማሪ ግብ ደረጃውን የሚያሻሽልለት ከሆነ ግን ይህን ለማድረግ ይሳሳል። በአሜሪካ ብዙ ውድድሮች ለዚህ ገደብ አላቸው። በሰፊው በሚታወቀው የአሥር ነጥብ ሥርዓት ለድል 6፣ ለአቻ 3፣ ለእያንዳንዱ ግብ እስከ ሦስተኛው ድረስ 1፣ ግብ ሳይቆጠርባቸው ለመውጣት 1 ነጥብ ይሰጣል። አራተኛው ግብ ምንም አይጨምርም፤ ጥሩ ገደብ ነው። ስሌት ሠሪዎችም ከተወሰነ የግብ ብዛት በላይ ያለውን መቁጠር ሲተዉ ቁጥሩ ከትክክለኛነቱ የሚያጣው ጥቂት ነው፤ ልጆቹ የሚያተርፉት ግን ብዙ ነው።

ይህ ሁሉ ሲደመር፣ ደረጃ በጣም የተራራቁ ቡድኖችን ለመለየት ይታመናል። በ40ኛውና በ60ኛው መካከል ያለው ልዩነት ግን ከአንድ ግብ ስንጣሪ ላይበልጥ ይችላል። ክለቦች በማስታወቂያቸው ላይ የሚጽፉት ግን እንዲህ ያለውን ልዩነት ነው፤ ወላጆችም ልጃቸውን ከአንዱ ክለብ ወደ ሌላው የሚያዛውሩት ብዙ ጊዜ በዚሁ ምክንያት ነው። ይህ ቁጥሩን ከማይችለው በላይ ማሸከም ነው።

ቁጥሩ የማያየው

የቡድን ደረጃ የሚለካው ዛሬ ማን አሸነፈ የሚለውን ነው። በ10 ዓመት ዕድሜ ጨዋታ የሚያሸንፈው ደግሞ ብዙ ጊዜ ቁመትና ፍጥነት ነው። ረጅም ኳስ ወደፊት የሚጥል ተከላካይና ሮጦ የሚደርስባት ፈርጣማ አጥቂ ያለው ቡድን፣ ከኋላ ጀምሮ አጭር አጭር እያቀበለ ለመውጣት ከሚማር ቡድን ይበልጥ ያሸንፋል። የሚማረው ቡድን በራሱ የግብ ክልል ኳስ ይነጠቃል፤ ግብ ይቆጠርበታል፤ ደረጃው ይወርዳል። ከአራት ዓመት በኋላ ልጆቹ በቁመት ሲደራረሱ የተማረው ይታያል፤ ሠንጠረዡ ግን ያን ያህል አይጠብቅም። የአሜሪካ ፌዴሬሽን ለ9 እና ለ10 ዓመት ልጆች የ7 በ7 ጨዋታ ልዩ መስመር ያስገባው ይህን ለመከላከል ነው። ግብ ጠባቂው ኳስ ሲይዝ ተጋጣሚው ከዚያ መስመር ጀርባ ያፈገፍጋል፤ ግብ ጠባቂውም ኳሷን በእግሩ አርቆ እንዳይለጋ ይከለከላል። ትምህርቱን በሕግ መደገፍ ያስፈለገው አሰልጣኞች ለውጤት ሲሉ ስለሚተዉት ነው።

የልደት ወርም ደረጃ ውስጥ ይደበቃል። በ1985 ሮጀር ባርንስሊና ባልደረቦቻቸው በካናዳ የበረዶ ሆኪ ተጫዋቾች ላይ እንዳሳዩት፣ በምርጥ ቡድኖች ውስጥ በዓመቱ የመጀመሪያ ወራት የተወለዱት እጅግ ይበዛሉ፤ በኋላ በእግር ኳስም ይኸው በብዙ አገሮች ታይቷል። በጃንዋሪና በዲሴምበር የተወለዱ ልጆች በአንድ ምድብ ሲጫወቱ ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ልዩነት አላቸው፤ ለ10 ዓመት ልጅ ይህ ከዕድሜው አንድ አሥረኛ ያህሉ ነው። ለደረጃ የሚሮጥ አሰልጣኝ ሳያስበው ትልልቆቹን ይመርጣል። አሜሪካ በ2017 ምድቡን በአውሮፓውያን የልደት ዓመት አድርጋ ነበር፤ ዋና ዋናዎቹ ድርጅቶች ከ2026–27 ጀምሮ ከትምህርት ቤት ክፍል ጋር እንዲስማማ ከኦገስት 1 ወደሚጀምር ዓመት ለመመለስ ወስነዋል። የመነሻው ቀን ሲቀየር የሚጠቀሙት ልጆች ይቀየራሉ እንጂ ችግሩ አይጠፋም።

የልደት ቀን በትክክል ባልተመዘገበበት አገር ጉዳዩ ይብሳል። በኢትዮጵያ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2016 ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለዱ ብዙ ልጆች ዕድሜያቸውን በወቅቱ በተጻፈ ማስረጃ ማረጋገጥ አይችሉም። ፊፋ በ2009 ናይጄሪያ ባስተናገደችው ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ የእጅ አንጓን በኤምአርአይ መመርመር የጀመረው በዚህ ዓይነት ጥርጣሬ ነው። የተጫዋቾቹ ዕድሜ ካልታወቀ በዕድሜ ምድብ የወጣ የቡድን ደረጃ ትርጉም የለውም።

በልጅነታቸው ቶሎ የተሰናበቱ ተጫዋቾች ታሪክም ብዙ ነው። ሃሪ ኬንን አርሰናል በ8 ዓመቱ አሰናበተው፤ በኋላ የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድን የምንጊዜም ከፍተኛ ግብ አስቆጣሪ ሆነ። ጄሚ ቫርዲን ሸፊልድ ዌንስደይ በ16 ዓመቱ ለቀቀው፤ በ2016 ከሌስተር ጋር የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ አነሳ።

ለትልልቆቹ ታዳጊዎች ግን ደረጃ እውነተኛ በር ይከፍትላቸዋል። ከ15 ዓመት በላይ ያለ ተጫዋች መልማዮች የሚመለከቱበት ሜዳ ላይ መገኘት ያስፈልገዋል፤ ወደዚያ ሜዳ የሚያደርሰው ደግሞ በአብዛኛው የቡድኑ ጥንካሬ ነው። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በ1997 በርሊን የተወለደው ጌዲዮን ዘላለም ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ጌዲዮን ሜሪላንድ ውስጥ ኦልኒ ሬንጀርስ ለተባለ ክለብ ይጫወት ነበር፤ የአርሰናሉ መልማይ ዳኒ ካርባሲዩን ያየው ቡድኑ በዳላስ ዋንጫ ሲሳተፍ ነው። በ2013 ወደ ለንደን አቀና፤ በ2014 መጀመሪያ ለአርሰናል ዋናው ቡድን ተሰለፈ። ሜዳው ድረስ ያደረሰው ቡድኑ ነው፤ መልማዩን ያስቆመው ግን የልጁ አቀባበልና እይታ ነው። የዩኒቨርሲቲ አሰልጣኞችም እንደዚሁ ናቸው። የቡድኖቹን ደረጃ የሚያዩት ከሞላው መርሐ ግብር የትኛውን ጨዋታ እንደሚመለከቱ ለመምረጥ ነው፤ ሜዳው ዳር ከቆሙ በኋላ የሚጽፉት የተጫዋቹን ማሊያ ቁጥር ነው።

ከስንት ዓመት ጀምሮ?

ኖርዌይ ለዚህ ጥያቄ ቀድማ ጽኑ መልስ ሰጥታለች። የአገሪቱ የስፖርት ኮንፌዴሬሽን በ2007 ባጸደቀው የልጆች መብት ሰነድ መሠረት፣ ልጆች 11 ዓመት ከሚሞላቸው ዓመት በፊት የውጤት ዝርዝር፣ ሠንጠረዥና ደረጃ አይወጣላቸውም። ኤርሊንግ ሃላንድ ያደገው ይህ ደንብ ባለበት አገር፣ ብሪን በምትባል ትንሽ ከተማ ክለብ ውስጥ ነው። ኖርዌይ ለ2026 የዓለም ዋንጫ ያለፈችው ከ1998 ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ድሉ ከዚህ ደንብ ብቻ መጣ ማለት ትክክል አይሆንም፤ ደንቡ ግን ጎበዝ ተጫዋች እንዳይወጣ እንዳላገደ ግልጽ ነው።

በእንግሊዝ የእግር ኳስ ማኅበሩ በ2012 ያጸደቀው ማሻሻያ ልጆቹ በዕድሜያቸው ልክ 5 በ5፣ 7 በ7፣ ቀጥሎም 9 በ9 እንዲጫወቱ አደረገ፤ የዓመት ሙሉ የሊግ ሠንጠረዥም ከ11 ዓመት በታች እስከሚባለው ምድብ ድረስ እንዲቀር ተደረገ። አጫጭር የዋንጫ ውድድሮች ግን አልተከለከሉም። ልጆች መሸናነፍ ይወዳሉ፤ ውጤቱንም ማንም ሳይነግራቸው ይቆጥራሉ። ማሻሻያው ያነሳው የልጆቹን ፉክክር ሳይሆን ዓመቱን ሙሉ አዋቂዎች የሚከራከሩበትን ሠንጠረዥ ነው።

ከሁሉም ይበልጥ ብልሃት የሚታይበት የጀርመን አሠራር ነው። የጀርመን ፌዴሬሽን ከ2024–25 ጀምሮ ለትናንሾቹ ልጆች ጨዋታውን ቀይሮታል። ከ11 ዓመት በታች እስካለው ምድብ ድረስ የሊግ ሠንጠረዥ የለም። ትንንሾቹ በጠባብ ሜዳ፣ በአራት ትናንሽ ግቦች፣ ሦስት በሦስት ይጫወታሉ፤ አጨዋወቱ ሆርስት ቫይን ከተባሉት ጀርመናዊ አሰልጣኝ የመጣ ሲሆን ፉኒኞ ይባላል። ብዙ ትናንሽ ሜዳዎች በተርታ ይሠራሉ፤ ጨዋታው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይፈጃል፤ ያሸነፈ ቡድን አንድ ሜዳ ወደ ላይ፣ የተሸነፈ አንድ ሜዳ ወደ ታች ይሄዳል። ከጥቂት ዙር በኋላ አቻዎች እርስ በርሳቸው ሲገናኙ ይገኛሉ። ይህ ደረጃ ነው፤ ማገናኘት የሚገባውን ያገናኛል፤ ከሰዓት በኋላ ልጆቹ ሲበተኑ ግን አብሮ ይበተናል። የትኛውም ልጅ 300ኛ ነህ ተብሎ ወደ ቤቱ አይሄድም።

ይህ አሠራር ኮምፒውተርም ሆነ የጉዞ ወጪ አይጠይቅም። በጥሎ ማለፍ በሚካሄድ የሠፈር ውድድር የመጀመሪያውን ጨዋታ የተሸነፈ ቡድን ልጆች ቀሪውን ጊዜ ከመስመር ውጭ ቆመው ያሳልፋሉ፤ ብዙ መጫወት የሚያስፈልጋቸው ግን እነሱ ናቸው። በአዲስ አበባም ሆነ በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ውድድር የሚያዘጋጁ ሰዎች አንዱን ትልቅ ሜዳ በኮን ለአራት ወይም ለስድስት ከፍለው በዚህ መንገድ ቢያጫውቱ፣ እያንዳንዱ ልጅ ከአቻው ጋር፣ እስከ መጨረሻው ፊሽካ ይጫወታል። ለትልልቆቹ ታዳጊዎች ክለብ የሚመርጥ ወላጅም ከደረጃው በፊት ልጁ በየጨዋታው ስንት ደቂቃ እንደሚሰለፍ፣ አሰልጣኙ ልጅ ሲሳሳት ምን እንደሚለው፣ ካለፈው ዓመት ልጆች ስንቶቹ በቡድኑ ውስጥ እንደቆዩ ይጠይቅ።